ኪቦርዱ የት ላይ ዝም አለ?

መምህሩ ዴስክቶፑን በማዳበሪያ ጠቅልለው ከጌዶ በሚኒባስ ነው ያመጡት። አምቦ መናኸሪያ ወርደው፣ ዕቃውን በባጃጅ አስጭነው፣ ከፎቶኮፒ ቤቶቹ ጎን ወደሚገኘው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ሲደርሱ ረፍዷል። ሁለት ኪቦርድ ይዘዋል። አንዱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሌላው ከነካርቶኑ አዲስ።

"አከም ቡልተን ባርሲሳ! ምን ሆኖ ነው?" አለ ወጣቱ ቴክኒሻን፤ "እንደምን አደሩ መምህር" ማለቱ ነው።

"ዊንዶውሱ አልነሳ ብሎን ነው የኔ ልጅ። ፎርማት እናድርገው ብለን ስንጀምር ኪቦርዱ ሞተ። አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ሞተ።"

"የት ላይ ሲደርስ ነው የሞቱት?"

"የት ላይ ማለት? አይሠሩም ነው የምልህ!"

ወጣቱ ቴክኒሻን ክርክር አልገጠመም። ኮምፒውተሩን ከሞኒተር ጋር አገናኝቶ አበራና "ዲሊት" የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መታ። የባዮስ ገጽ ተከፈተ። ቀስቶቹን ሲነካ ምርጫው ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። ኪቦርዱ ምንም አልሆነም። ከዚያ መምህሩ ያመጡትን የዊንዶውስ 7 ፍላሽ ሰክቶ አስነሳው። ፋይል መጫኑን የሚያሳየው መስመር ሞላ፣ ባለ አራት ቀለሙ ዓርማ መጣ፣ ቋንቋ የሚመረጥበት ገጽ ተከተለ። እዚህ ላይ ታብ ቢነካ፣ ኢንተር ቢነካ መልስ ጠፋ። ማውሱም አይላወስም። ከደቂቃ በፊት የበራው የነም ሎክ መብራትም ጠፍቷል።

"አዩ ባርሲሳ፣ ኪቦርዱ አልሞተም። እዚህ ገጽ ሲደርስ የሚሰማው አጣ እንጂ።"

በአዲስ አበባ–ነቀምቴ መንገድ ላይ በተደረደሩት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ፣ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ዘመንና ብዙ ባለቤት ያያል። ከመሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከተማሪ ወደ ጽሕፈት ቤት ይዘዋወራል። ያገለገለ ዕቃ ከአዲስ አበባ ሱቆች ይመጣል፤ ከዱባይና ከአውሮፓ የመጣውም ብዙ ነው። በየጊዜው ፎርማት ስለሚደረግ የኪቦርድ ችግር የጥገና ሱቆች የዘወትር እንግዳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ "ሌላ ግዛ" ነው። ቴክኒሻኑ "የት ላይ?" ብሎ መጠየቁ ግን ከብዙ ወጪ ያድናል። ምክንያቱን ለማየት ቁልፍ ሲነካ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ይበጃል።

ሦስት ተቀባዮች

ኪቦርድ ወደ ኮምፒውተሩ ፊደል አይልክም። የሚልከው የተነካውን ቁልፍ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ "ይህ ኤ ነው፣ ይህ ኢንተር ነው" የሚለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ሲስተም በሚጫንበት ጊዜ ደግሞ ይህ ተቀባይ ሦስት ጊዜ ይቀያየራል። መጀመሪያ የሚቀበለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው፤ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ዩኢኤፍአይ ይባላል። ቀጥሎ ከፍላሹ ወይም ከሲዲው የተነሳው የመጫኛ ፕሮግራም ይረከባል። በመጨረሻ ጭነቱ አልቆ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው አዲሱ ሲስተም ይወስደዋል።

ነገሩ የዱላ ቅብብል ነው። ዱላው ደህና ሆኖ ተረካቢው እጁን ካልዘረጋ መሬት ይወድቃል፤ ጥፋቱም የዱላው አይሆንም። ባዮስ ላይ ሠርቶ መጫኛው ላይ ዝም ያለ ኪቦርድ ራሱ ጤነኛ መሆኑን አስመስክሯል። ባዮስ ላይም ዝም ካለ ምርመራው ወደ ኪቦርዱ፣ ወደ ገመዱ፣ ወደ ፖርቱና ወደ ባዮስ ቅንብሩ ይሄዳል። መጫኛው ላይ ሠርቶ አዲሱ ሲስተም ላይ ዝም ካለ ደግሞ የጎደለው ዲስኩ ላይ የተጫነው ፋይል ውስጥ ነው።

ለዚህ ምርመራ ገንዘብ የማይጠይቅ መሣሪያ አለ፤ የካፕስ ሎክ መብራት። ይህን መብራት ኪቦርዱ በራሱ አያበራውም። ቁልፉ ሲነካ ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ "መብራቱን አብራ" የሚል ትዕዛዝ ይመልሳል። ስለዚህ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ከታየ መልእክቱ ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ። ክብ ፕላግ ያለው ኪቦርድ ኮምፒውተሩ ሲበራ ራሱን ይፈትሻል፤ በዚያች ቅጽበት መብራቶቹ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ብልጭታዋ ከሌለች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው፦ ገመዱ፣ ፕላጉ፣ ፖርቱ።

የክቡ ፕላግ ጥቅም

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣ የኪቦርዱ ፕላግ ባለ አምስት እግር ትልቅ ክብ ነበር። ኩባንያው በ1987 ፒኤስ ቱ የሚባሉትን ኮምፒውተሮች ሲያመጣ ፕላጉ አንሶ ባለ ስድስት እግር ሆነ። ኮምፒውተሮቹ ከገበያ ቢጠፉም ስማቸው ፕላጉ ላይ ቀርቷል። ኋላ ላይ የኪቦርዱ ቀዳዳ ሐምራዊ፣ የማውሱ አረንጓዴ ሆኖ ተለመደ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የሚጠጡት ኪቦርዶች ብዙዎቹ የዚህ ወገን ናቸው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በዓመተ ምሕረት አቆጣጠር ስኩልኔትና ወረዳኔት የተባሉት የመንግሥት ኔትወርኮች ተዘርግተው ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች ዴስክቶፖች በገቡበት ዘመን ይህ ፕላግ ገና አላረጀም ነበር።

ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲመጣ ነገሩን ለተጠቃሚው አቀለለው፤ ለመጫኛ ፕሮግራሙ ግን አከበደው። ክቡ ፕላግ የራሱ መስመር አለው። ቁልፍ ሲነካ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ይጠራዋል፤ ከዶስ ጀምሮ የመጡ የፒሲ ሲስተሞችም ያውቁታል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ግን ራሱ አይጣራም፤ "የተነካ አለ?" ተብሎ በየቅጽበቱ መጠየቅ አለበት። ጠያቂው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ነው። መቆጣጠሪያውን የሚያዝ ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ከዚያ የኪቦርዱ ድራይቨር ይከተላል። ከሰንሰለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ቢሟላም ዋጋ የለውም።

ድሮ የተሠሩ ሲስተሞች ይህ ሰንሰለት ስላልነበራቸው የባዮስ ሠሪዎች አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ባዮሱ የዩኤስቢውን ኪቦርድ ራሱ እያነበበ፣ ለሲስተሙ ግን ክብ ፕላግ ያለው ኪቦርድ አስመስሎ ያቀርበዋል። በባዮስ ሜኑ ውስጥ "ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት" የሚለው መስመር ይህ ነው። ሲስተሙ ነቅቶ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን በእጁ ሲያስገባ ማስመሰሉ ያበቃል።

ከመነሻው ዝም ሲል

በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ "ኪቦርድ አልተገኘም፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የሌለ ኪቦርድ ተጫን የሚለው ትዕዛዝ ብዙ ሰው ያስቃል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስትደክም ባዮሱ ቅንብሩን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። በአንዳንድ አሮጌ ቦርዶች የፋብሪካው ምርጫ የሌጋሲ ዩኤስቢ ድጋፍን የዘጋ ነው። ያኔ የዩኤስቢ ኪቦርድ አይታይም፤ ሰዓቱም ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። የሰዓቱ መሳሳት ባትሪዋን ያጋልጣታል። መድኃኒቱ ክብ ፕላግ ባለው ኪቦርድ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ድጋፉን መክፈትና ባትሪዋን መቀየር ነው።

አዲስ በሆኑት ላይ ደግሞ "ፋስት ቡት" የሚባለው ቅንብር አለ። ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ሲል የዩኤስቢ ፍተሻውን ይዘለዋል፤ ሲስተሙ እስኪነሳ ድረስ ኪቦርዱ አይሰማም። "ኤፍ 12 ብመታም፣ ዲሊት ብመታም አልገባም" የሚል ሰው ይህን ሊጠረጥር ይገባል። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ በኋላ ያሉት የሚነሱ ከሆነ ሺፍትን ይዞ "ሪስታርት" በማለት ከሚመጣው ሜኑ ወደ ባዮስ መግባት ይቻላል። ኪቦርዱን በኮምፒውተሩ ጀርባ ወዳለ ፖርት ማዞርም ይረዳል፤ የፊት ለፊቱ ፖርት በውስጥ ገመድ የሚገናኝ በመሆኑ ገመዱ ላልቶ ወይም ወልቆ ሊሆን ይችላል።

ስለ አዳፕተር አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዩኤስቢን ወደ ክብ ፕላግ የምትቀይረው ትንሿ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቁራጭ ውስጧ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። የምትሠራው ሁለቱንም ቋንቋ ከሚያውቅ ኪቦርድ ጋር ነው። ዩኤስቢ ብቻ ከሚያውቅ ኪቦርድ ጋር ስትሰካ ዝም ስትል ፖርቱ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። ክብ ፕላግ ደግሞ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ እንዲነቀልና እንዲሰካ አልተሠራም። ሲስተሙ ላያየው ይችላል፤ ክፉ ዕድል ከገጠመም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፖርቱ ፊውዝ ይቃጠላል። መጀመሪያ አጥፉ፣ ቀጥሎ ስኩ፣ ከዚያ አብሩ።

ዊንዶውስ 7 እና ሰማያዊው ፖርት

የመምህሩ ኮምፒውተር ችግር ሁለተኛው ቅብብል ላይ ነበር። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ዩኤስቢ 3 ገና በወረቀት ላይ የነበረ ያህል ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያን ድራይቨር ይዞ አልመጣም፤ ከዊንዶውሶች መጀመሪያ ይዞት የመጣው እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ነው። ለጥቂት ዓመታት ይህ ጉድለት አልጎዳም፤ ማዘርቦርዶቹ ከአዲሱ ጎን የድሮውን የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያም ይዘው ይሠሩ ስለነበር ጥቁሩ ፖርት ላይ የተሰካ ኪቦርድ ችግር አልነበረበትም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ከስድስተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ጋር ያወጣቸው ቺፕሴቶች ግን የድሮውን መቆጣጠሪያ አስወጡት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ፖርት፣ የዩኤስቢ 2 ጥቁርም ይሁን የዩኤስቢ 3 ሰማያዊ፣ በአዲሱ መቆጣጠሪያ ሥር ነው። የዊንዶውስ 7 መጫኛ መቆጣጠሪያውን ሲረከብ የባዮሱ ማስመሰል ይቆማል፤ መጫኛው ደግሞ በቦታው የሚያስቀምጠው ድራይቨር የለውም። ኪቦርዱም ማውሱም በአንድ ጊዜ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል። ሆኖም ማኅደረ ትውስታው ትንሽ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀል፣ የድሮ ፕሮግራም ስለሚቀበል፣ ፍላሹም በየቴክኒሻኑ ኪስ ስላለ ዛሬም ይጫናል። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር የያዘ ሰው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ክብ ቀዳዳ ካለው ክብ ፕላግ ያለው ኪቦርድ መሰካት ነው። ቴክኒሻኑም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ቢጫ የሆነ አሮጌ ኪቦርድ ጎትቶ አወጣ፤ እንደገና ሲነሳ የቋንቋው ገጽ ላይ ታብ ሠራ።

ይህ ግን ሥራውን አያስጨርስም፤ የመጫኛ ፍላሹም ዩኤስቢ ነውና። ቀጥሎ የመጣው መልእክት "የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ጎድሏል" ይላል። ሲዲ በሌለበት የሲዲ ድራይቨር መጠየቁ ሰውን ያደናግራል፤ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ትርጉሙ "ከተነሳሁበት ፍላሽ ጋር መገናኘት አቃተኝ" ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ይበልጣል፦ የዩኤስቢ 3 ድራይቨሩን አስቀድሞ ፍላሹ ውስጥ ማስገባት። ኢንቴልም አንዳንድ የማዘርቦርድ አምራቾችም ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም አውጥተው ነበር፤ በራሱ በዊንዶውስ ትዕዛዝም ይሠራል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፍላሹ ውስጥ ሁለት ዋና ፋይሎች አሉ፤ "ቡት ዶት ዊም" መጫኛውን የሚያስነሳ ነው፣ "ኢንስቶል ዶት ዊም" ዲስኩ ላይ የሚሰፍረው ሲስተም ነው። ድራይቨሩ የመጀመሪያው ውስጥ ብቻ ከገባ ጭነቱ በሰላም ያልቃል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነስቶ "የተጠቃሚ ስም ይጻፉ" ሲል ግን ኪቦርዱ እንደገና ዝም ይላል። ሦስተኛው ቅብብል ላይ ዱላው ወደቀ ማለት ነው። ሁለቱም ፋይል ውስጥ መግባት አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ዊንዶውስ 7ን ትቶ ከእሱ በኋላ የመጣ ሲስተም መጫን ነው። ቴክኒሻኑ ለመምህሩ የመከራቸውም ይህንኑ ነው።

ላፕቶፕና ሊኑክስ

ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከላፕቶፑ ጋር የተሠራው ኪቦርድ በብዙዎቹ ላይ ዩኤስቢ አይደለም፤ ውስጥ ለውስጥ የድሮውን የክብ ፕላግ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ዊንዶውስ 7 ሲጫንበት የራሱ ኪቦርድ ይሠራና ከውጭ የተሰካው ማውስና ፍላሹ ይጠፋሉ። በተቃራኒው ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ሲስተም ሲጫን የዩኤስቢው ሠርቶ የራሱ ዝም የሚልባቸው አሮጌ ላፕቶፖች አሉ።

ሊኑክስ የዩኤስቢ ድራይቨሮቹን አብሮ ስለሚይዝ እንደ ዊንዶውስ 7 አይቸገርም። የሚቸገረው የድሮውን ቋንቋ የሚያስተናግደው፣ በቁጥሩ 8042 ተብሎ የሚጠራው የኪቦርድ መቆጣጠሪያ ትክክለኛ መልስ በማይሰጥባቸው ላፕቶፖች ላይ ነው። ኪቦርዱና ታችፓዱ በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር ስለሆኑ አንዱን ለመለየት የሚደረገው ፍተሻ ሌላውን ሊያደነዝዘው ይችላል። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ለዚህ የመነሻ አማራጮች አሉት፦ መቆጣጠሪያውን እንደ አዲስ እንዲያስነሳ፣ ባለብዙ መስመር ፍተሻውን እንዲተው፣ ወይም ከኪቦርዱ ማንበብ ብቻ እንጂ መብራቱን ማዘዝ እንዳይሞክር። የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክቶ፣ በመነሻ ሜኑው ላይ "ኢ" የምትለውን ፊደል ተጭኖ፣ ከሦስቱ የሚስማማውን ከርነሉ በሚጠራበት መስመር መጨረሻ ላይ መጨመር ነው። ከሠራ ከጭነቱ በኋላ በቋሚነት ይጻፋል።

ይሠራል፣ ግን ያሳስታል

ከዝምታ የባሰ ችግርም አለ፤ ኪቦርዱ እየሠራ ሌላ ፊደል ሲጽፍ። ከዱባይ የመጡ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ጎን ዓረብኛ የታተመባቸው ስለሆኑ የፊደሉ ቦታ አይለወጥም። ከፈረንሳይ ወይም ከቤልጂየም የመጣ ግን ኤ እና ኪው፣ ዜድ እና ደብሊው ቦታ ተለዋውጠውበታል፤ ኤም ከኤል ጎን ናት፤ ቁጥር ለመጻፍም ሺፍት ይፈልጋል። ከጀርመን የመጣው ዋይ እና ዜድን ያለዋውጣል። መጫኛው ግን ቁልፉ ላይ የታተመውን አያይም፤ የሚያየው የቁልፉን ቁጥር ነው። ጫኚው የአሜሪካን ኪቦርድ መርጦ በፈረንሳዩ ላይ ቁልፉን እያየ የይለፍ ቃል ሲጽፍ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ። የጻፈውና የመሰለው ይለያያል። ሳምንት ቆይቶ ሌላ ኪቦርድ ሲሰካ ወይም ምርጫው ሲስተካከል የይለፍ ቃሉ "ስህተት ነው" ይላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የተጠቃሚ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ጽፎ በዓይን ማየት፣ ትክክል ከሆነ አጥፍቶ ስሙን መጻፍ።

የአምቦ መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ስለሚጽፉ እዚህ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በመጫኛው ዝርዝር ውስጥ "የአሜሪካ" እና "የአሜሪካ ኢንተርናሽናል" ተቀራርበው ይታያሉ። ሁለተኛው ከተመረጠ ሁዻ የምትባለው የቁቤ ምልክት (') የምትጻፍበት ቁልፍ ለብቻዋ ስትነካ ምንም አታሳይም፤ የሚከተለውን ድምፅ ሰጪ ፊደል ትጠብቅና አናቱ ላይ ጭረት ታደርግበታለች። ደብዳቤው በሙሉ ጭረት በጭረት ይሆናል። ጸሐፊዋ "ኪቦርዱ ተበላሽቷል" ብትል አይፈረድባትም፤ የተበላሸው ግን በጭነቱ ቀን የተደረገው ምርጫ ነው።

ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ነም ሎክ ከበራ ዩ፣ አይ፣ ኦ በሚሉት ፊደሎች 4፣ 5፣ 6 ይወጣል፤ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ላይ ደግሞ 1፣ 2፣ 3። የቀኙ ሺፍት ለ8 ሴኮንድ ከተያዘ ደግሞ ዊንዶውስ "ፊልተር ኪስ" የሚባለውን ሊያበራ ይችላል፤ ያኔ ቁልፎቹ ቶሎ ቶሎ ሲነኩ አይመልሱም። በሁለቱም የሚገዛ ዕቃ የለም።

በእርግጥ የሞተ ኪቦርድም አለ። ሻይ የፈሰሰበት፣ አንድ ቁልፍ ተጣብቆ የቀረበት፣ የላፕቶፑ ጠፍጣፋ ገመድ ከመያዣው የወጣ። የተጣበቀ ቁልፍ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንደተነካ ስለሚቆጠር ማስነሻውን ያስቆማል፤ ኪቦርዱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ከተነሳ ምስጢሩ ያ ነው። እንዲህ ያለው በሦስቱም ተቀባዮች ፊት እኩል ስለሚያስቸግር መለየቱ አይከብድም።

መጪው ፎርማት

ይህ ሁሉ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ወገን የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። በጊንጪ፣ በጉደርና በባኮ ትምህርት ቤቶች ያለ ከዚያ በፊት የተሠራ ኮምፒውተር ወይ ባለበት ይቆያል፣ ወይ ወደ ሊኑክስ ይዞራል፣ ወይ በማይመከር አቋራጭ አዲሱን ይጭናል። የትኛውም ቢመረጥ ፎርማቱ አይቀርም፤ ፎርማት ባለበትም የኪቦርዱ ጥያቄ ይከተላል።

ዝግጅቱ ውድ አይደለም። በየላቦራቶሪው አንድ የሚሠራ ክብ ፕላግ ያለው ኪቦርድ ከመጣል ይዳን። ድራይቨር የገባበት ፍላሽ አስቀድሞ ይዘጋጅ። እ.ኤ.አ. በ1947 በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ በዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ተማሪው በተግባር ልምምድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር መሆኑ አይቀርም።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ወረቀት ላይ ነው። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በሚሞሉት የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ላይ "የችግሩ ዓይነት" ከሚለው ሥር ብዙ ጊዜ "ኪቦርድ አይሠራም" ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ደግሞ ወደ ግዥ ክፍል ይመራል። አንድ መስመር ቢታከልበት ግን ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ቴክኒሻን ይሄዳል፦ "ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው የትኛው ገጽ ላይ ነው?"